ሁለቱ መለከት ነፊዎች

ኤልፍሪደ ሮትከ ኦፔሬታ በሚባል በዘፈን የሚሠራ ቀልደኛ ቴአትር ላይ የንጉሡን ቅምጥ ሆና መዝፈን የጀመረችው ገና በልጅነቷ፣ ቪየና ላይ ነበር። ያኔ ኦፔሬታው ለስለስ ያለ ነገር ነበር። አሁን በርሊን ላይ እንደ አዲስ ተቀናብሮ ሲቀርብ እሷ ሃምሳን ተሻግራለች፤ ዕድሜዋን ግን የሚጠይቃት የለም፣ የሚደፍርም የለም። ስሟ ቴአትር ቤቱ በር ላይ በአምፖል ተጽፎ ስለሚበራ ትኬቱ ገና በጠዋቱ ያልቃል።

አዲሱን ቅንብር አልወደደችውም። በድሮው ላይ የመጨረሻውን ዘፈን ስትዘፍን የሚያጅባት ቫዮሊን ብቻ ነበር። የኦርኬስትራው መሪ ሄር ሊንደ ግን የቤተ መንግሥት ልብስ የለበሱ ሁለት መለከት ነፊዎች አምጥቶ ግራና ቀኟ ገተረባት። ከፍተኛው ድምፅ ላይ ስትደርስ ጆሮዋ ሥር ይነፉባታል። ልምምድ ላይ ደግሞ "ጉሮሮዎን ይቆጥቡ" እያለ ያንን ድምፅ ያስዘልላታል።

"እኔ ራሴን እንኳ አልሰማም እኮ!" አለችው አንድ ቀን በንዴት።

"ሕዝቡ ይሰማል፣ እመቤቴ። ዋናው እሱ ነው" አላት ሊንደ፣ ፊቷን ሳያይ።

ሕዝቡስ በእርግጥ ሰምቷል። ያ ድምፅ በወጣ ቁጥር አዳራሹ ብድግ ብሎ ያጨበጭባል። አንድ ጋዜጣ "ጊዜ ያልነካው ጉሮሮ" ብሎ ጻፈላት፤ ቆርጣ መስታወቷ ጥግ ላይ ሰካችው።

ሰላም የነሳቻት ትሩዴ ናት።

ትሩዴ ኬስለር የቅምጧን ገረድ ሆና የምትጫወት ልጅ ናት። መድረክ ላይ አንዲት ቃል አትናገርም። ሥራዋ የሌሊት ልብስ ማቀበል፣ ሻማ ማጥፋት፣ ከዚያ ከትልቁ አልጋ መጋረጃ ጀርባ መሰወር ነው። ይህች አፍ የሌላት ገረድ ግን በግንቦት ሙቀት አንገቷን በሱፍ ሻርፕ ጠቅልላ ትመጣለች። ትርዒቱ ሳይጀመር ትኩስ ወተት በማር ትጠጣለች። አንድ ማታ ደግሞ ኤልፍሪደ በመታጠቢያ ቤቱ በር ስታልፍ ልጅቷ ውስጥ ሆና ድምፅዋን ስታሟሽ ሰማቻት። የምታሟሸው የእሷን ዘፈን ነበር፤ የመጨረሻውን፣ ከፍተኛውን።

ኤልፍሪደ እየተጣደፈች ወደ ክፍሏ ገባች።

"ቦታዬን ልትወስድ ነው" አለቻት ልብስ የምታለብሳትን ፍራው ኮሺንስኪን። "ሁሉም ያውቃሉ። እኔ ስገባ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። አንቺስ ብትሆኚ? ምን ሰምተሻል?"

ፍራው ኮሺንስኪ አፏ ውስጥ ከያዘቻቸው የልብስ መርፌዎች አንዱን አውጥታ የቀሚሱ ጠርዝ ላይ ሰካች።

በዚያው ሰሞን ወሬ መጣ። ኦፔሬታው ድምፅ ያለው ፊልም ሊሆን ነው፤ የፊልሙ ሰዎች ቅዳሜ መጥተው ተዋናይዋን ይመርጣሉ። ኤልፍሪደ ከደስታው ይልቅ ፍርሃቱ አየለባት። ይህ ካመለጣት የሚቀራት መድረክ ላይ የሙሽራ እናት ሆኖ ወንበር ላይ መቀመጥ ነው። እሱም ከተገኘ ነው። የድሮ ባልደረባዋን ባቡር ጣቢያ በር ላይ የጫማ ክር ስትሸጥ አይታት እንዳላየች አልፋለች፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ሄዳ አታውቅም።

ቅዳሜ ማታ ትሩዴ እንደ ልማዷ ወደ ኤልፍሪደ ክፍል መጣች። የቴአትር ሰዎች ደንብ ነው፤ መጋረጃው ሳይገለጥ በባልደረባ ግራ ትከሻ ላይ ሦስቴ እንትፍ ይባላል። የተባለለት ሰው ማመስገን የለበትም፤ ካመሰገነ ምርቃቱ ይበላሻል።

"ቶይ፣ ቶይ፣ ቶይ" አለች ትሩዴ። "አይዞዎት፣ እኔ ከኋላዎ ነኝ።"

"አመሰግናለሁ" አለች ኤልፍሪደ ሆን ብላ፣ ቃሉን እየረገጠች።

ልጅቷ ፊቷ ነጣ። ኤልፍሪደ ካፖርቷን አንስታ በቀጥታ ወደ ቴአትር ቤቱ ኃላፊ ወደ ሄር ዳንቪትስ ገባች። ሊንደም እዚያው ነበር።

"ወይ እሷ ወይ እኔ። አሁኑኑ።"

"እንዴ፣ እመቤቴ! ነገ እናሰናብታታለን" አለ ዳንቪትስ። "ለዛሬ ብቻ ትቁም። እለምንዎታለሁ።"

"ለምን? ለአንዲት ሻማ አጥፊ ነው እንዲህ የምትንቀጠቀጠው? ሻማውን እኔው አጠፋዋለሁ!"

ዳንቪትስ ዞሮ ሊንደን አየው። ደወሉ ተደወለ። አዳራሹ ጢም ብሏል፣ የፊልሙ ሰዎች ቦታቸውን ይዘዋል፣ ሴትዮዋ ደግሞ ካፖርቷን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች። ሌላ ምን ያድርግ? እሺ አላት።

ኤልፍሪደ በሰው አላመነችም። ትሩዴን ራሷ እስከ ኋላ በር ሸኘቻት፣ ዘበኛውንም ዳግም እንዳያስገባት አስጠነቀቀችው።

"እባክዎ፣ ዛሬን ብቻ!" አለች ትሩዴ እያለቀሰች። "ለራስዎ ብለው!"

"ደግሞ ትዝቺብኛለሽ? ውጪ!"

እንደዚያ ምሽት ተጫውታ አታውቅም። ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ንጉሡን በጣቷ አሽከረከረችው። ልቧ ቀሎላት ነበር። መጨረሻ ላይ ሻማውን እፍ ብላ ራሷ አጠፋችና ብቻዋን ወደ መድረኩ ፊት መጣች። ሊንደ ላቡን በመሐረብ ሲጠርግ አየች። ፈሪ፣ አለች በልቧ፤ ሴራው ስለከሸፈበት ነው። ሁለቱ መለከት ነፊዎች ግራና ቀኟ ቆሙ። ክንዷን ዘረጋች፣ አገጯን ቀና አደረገች፣ አፏን በሰፊው ከፈተች። መለከቶቹ ጆሮዋ ሥር ተነፉ። እንደ ሁልጊዜው ራሷን አልሰማችም፤ እንደ ሁልጊዜውም አልተጠራጠረችም።

ከአልጋው መጋረጃ ጀርባ ግን ያንን ድምፅ የሚያወጣላት ሰው አልነበረም።