ጋዲሴ ጫማዋን አወለቀች

"ቁልፉን አምጣ!" አለ ኑሬ፣ እጁን በሚኒባሷ መስኮት አስገብቶ።

የልጅ ልጄ ምልኬሳ፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ እያየሁት፣ ማርሹን እንደገና ገፋው። ክርርር ብሎ ጮኸና አልገባም አለ። አራት ዓመት ሙሉ ከአዳማ ወለንጪቲ ሲመላለስባት እንዲህ ሆና አታውቅም።

"ካምቢዮውን በልተኸዋል። ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ሾፌር ነው የማስገባው" አለ ኑሬ። መኪናዋ የሱ ናት።

"ጋሼ ሙት፣ ትናንት ደህና ነበረች።" ልጄን ላብ አጠመቀው። ሌላ ሥራ የለውም፤ ሚስቱ ደግሞ እርጉዝ ናት፣ ያውም መንታ ነው አሉ። ይሄንን ለማንም እንዳትናገሩ።

ከመንገዱ ማዶ ካለው ጋራዥ መካኒኳ ጋዲሴ እጇን እየጠረገች መጣች። "እስቲ ውረድ" አለችው።

ባሏ ጥሏት የሄደው ናፍጣ ናፍጣ ስለምትሸት ነው ብዬ ገበያው ውስጥ ያስወራሁት እኔ ነኝ። ውሸቴን ነው፤ እሷ ናት ያባረረችው።

"እማማ ዘርፉ፣ ስለኔ ያሉትን ሰምቻለሁ" አለችኝ ወንበሩ ላይ ወጥታ። "አሁን ግን ዞር ይበሉልኝ፣ ብርሃኑን ከለሉኝ።"

ዞር አልኩ። ምን አባቴ እላለሁ!

ሞተሩን አጠፋችና ማርሹን ነካካችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ የኋላ። እንደ ለመደች ላም እሺ አላት።

"ካምቢዮው ጤነኛ ነው።"

"እንዴ! አሁን ሲጮህ አልሰማሽም?" አለ ኑሬ።

"ሞተር ሲነሳ ነዋ የሚጮኸው። ፍሪሲዮኑ አይለቅም ማለት ነው። ወይ ተበላሽቷል፣ ወይ እስከ መጨረሻው አልተረገጠም።"

"መርገጥም አያውቅም በይኛ!"

ጋዲሴ ጫማዋን አወለቀች። በባዶ እግሯ የግራውን፣ የፍሪሲዮኑን ፔዳል ቀስ ብላ ረገጠች፣ ለቀቀች፣ ደግማ ረገጠች። ዓይኗን ጨፍናለች። እኔ ሰው ሳያወራ ሆዱን አውቃለሁ ባይ ነኝ፤ እሷ ግን በውስጥ እግሯ ብረት ታናግራለች።

ድንገት ጎንበስ አለች። የወለሉን ላስቲክ ገልጣ ከስሩ የሆነ ነገር ጎተተች። አራት እጥፍ የሆነ ወፍራም ምንጣፍ።

የኔው ምንጣፍ! ዛሬ ጠዋት ምልኬሳ ፊቱን ሲታጠብ ነው ደብቄ ያነጠፍኩለት።

"ፔዳሉ ይሄ ላይ እያረፈ ታች አይደርስም። ሌላ ምንም የለውም" አለች ጋዲሴ።

ኑሬ ወደ ምልኬሳ ዞረ። "ማነው ያነጠፈው?"

ምልኬሳ ምንጣፉን አየ፣ ከዛ እኔን አየኝ። "እኔ ነኝ ጋሼ" አለ።

ይሄንንስ አልችለውም። "ውሸቱን ነው! እኔ ነኝ። የሞተሩ ሙቀት እግሩን እንዳይጠብሰው ብዬ ነው። ከፈለግክ እኔን አባርረኝ!"

"አኮ፣ ተዪ" አለኝ ልጄ፤ አያቱን በኦሮምኛ እንዲህ ነው የሚጠራኝ።

ኑሬ ሊቆጣ አፉን ሲከፍት ሳቅ ቀደመው። "እርስዎን የት ነው የማባርርዎት? በል ግባ ምልኬሳ፣ ሰው ይጠብቃል።"

"ገለቶሚ ጋዲሴ!" ብሎ በኦሮምኛ አመሰገናትና ዘሎ ገባ።

ሚኒባሷ ወደ አስፋልቱ ወጣች። አንድ። ሁለት። አንዴም አልጮኸች። ማርሽ በቀየረ ቁጥር የኔም ግራ እግር መሬቱን ይረግጣል። አፍሬ ወደ ጎን ዘወር ስል፣ ጋዲሴ መንገዱን እያየች ቆማለች፤ የሷም እግር ይረግጣል።