ወደ ግራ የወጣው ብርሃን

ኢያቄም መብራቱን አበራና ከመኪናዋ ወረደ። የግቢው ግንብ ቦግ አለ። ፀሐይ ከገባች ቅርብ ነው፤ የላንቻ ትርምስ ገና አልበረደም፣ የታክሲ ረዳቶች ጥሪ አጥሩን ዘሎ ይሰማል። አያቱ ወይዘሮ ጀማነሽ ነጠላቸውን አገጫቸው ድረስ ሰብስበው አጠገቡ ቆመዋል።

ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጡም። እንዴት ይቀመጡ? ልጁ የቪትዟን የፊት መብራቶች ነቅሎ፣ ማጣበቂያቸው እንዲላላ ብሎ ኦቨን ውስጥ ከተታቸው። ዳቦው እስኪበስል ይታገሡ እያለ ቀለደባቸው። መስታወቶቹን ፈልቅቆ ቡልጋሪያ ሰፈር ካሉት መለዋወጫ ሱቆች የገዛቸውን ብርቱካን የሚያህሉ ያገለገሉ ሌንሶች ሲገጥም፣ እሳቸው እጅህ ይላጣል፣ ቤቱ ይቃጠላል እያሉ ቂርቆስን ሲማጸኑ ዋሉ። እጁ ግን ሰበብ ነበር። የፈሩት ብርሃኑን ነው።

ልጃቸው አምኃ፣ የኢያቄም አባት፣ በሞጆ መንገድ ከፊት ለፊቱ የመጣ ፓውዛ ዓይኑን ጋርዶት ከነመኪናው ተገልብጦ ቀረ። ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሆነው። የዚያ መኪና ሾፌር ከአርባው በኋላ ሽማግሌ አስቀድሞ፣ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ እዚሁ ግቢ በራፍ ላይ ተደፋ። መብራቱን ያስቀየረው አርቆ ለማየት ብቻ እንደነበር ነገራቸው። ወይዘሮ ጀማነሽ ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱለት።

ኢያቄም ይህን ሳይረሳ ነው ሌንስ የመረጠው። አምፖል ብቻ እንደሚቀይሩት አይደለም፣ ሌንስ ብርሃኑን ከላይ በቢላዋ እንደተቆረጠ ያስቀረዋል፣ የሰው ዓይን ውስጥ አይገባም እያለ ሳምንቱን ሙሉ ሲያስረዳቸው ሰንብቷል። ነገ ጎህ ሳይቀድ ሰዎች ይዞ ወደ አዳማ ይወጣል፤ በደበዘዘው በድሮው መብራት መሄዱም ሌላ ስጋት ነው።

«ይኸው እማማ፣ አዩት? ከመስመሩ በላይ ጨለማ ነው።»

አዩት። እውነትም የተቆረጠ ነው። ግን መስመሩ ከቀኝ በኩል ቀጥ ብሎ ይመጣና መሃል ላይ ሲደርስ ወደ ግራ ሽቅብ ይወጣል።

«ይሄ ለምን ተንጋደደ?»

«እሱማ ሆን ተብሎ ነው። ማለቴ፣ ዳር ዳሩን የሚሄድ እግረኛ እንዲታይ ነው ከፍ የሚለው።»

«ዳሩ በየት በኩል ነው?»

ኢያቄም ቀኝ እጁን አነሳ። እጁ አየር ላይ ቀረ። ግንቡን አየ፤ መልሶ እጁን አየ። ሌንሶቹ ከጃፓን መኪና የተፈቱ ናቸው፤ እዚያ አገር ግራቸውን ይዘው እንደሚነዱ ደግሞ ሾፌር ሁሉ ያውቃል። እሱም ያውቃል። እዚህ ግን ቀኝ ነው የሚያዘው፤ በግራ የሚመጣው እግረኛ ሳይሆን ከፊት ለፊት የሚመጣ መኪና ነው።

እጁን አወረደና፣ በቃ ትንሽ ዝቅ አደርገዋለሁ አለ። ከተማው ሁሉ በዚሁ እየነዳ መሆኑን፣ ማጣበቂያው መድረቁን፣ እንደገና ቢፈታው ለነገ እንደማይደርስና ሰዎቹም ሌላ መኪና እንደሚይዙ ተናገረ። አነጋገሩ እየፈጠነ ሄደ።

ወይዘሮ ጀማነሽ ከበረንዳው በርጩማ አንስተው ወደ ግንቡ ሄዱ። ብርሃኑ ሽቅብ የወጣበት ቦታ ሲደርሱ አስቀመጡትና ፊታቸውን ወደ መኪናዋ አዙረው ተቀመጡበት። መሪ የጨበጠ ሰው ቁመት ያህል ሆኑ።

«እማማ፣ ዓይንዎን ይጎዳዎታል። ይነሱ።»

«ያንን ሰው ይቅር ብዬዋለሁ» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይከድኑ። «ሳያውቅ ነው ያደረገው። አንተ ግን አሁን አወቅህ። ድንጋይ ተሸክመህ የማን እናት ደጅ ትሄዳለህ?»

ከነጩ ብርሃን በቀር የሚታያቸው ነገር የለም፤ መኪናዋም የለች፣ ልጁም የለ። አምኃም የመጨረሻ ያየው ይኼንኑ ይሆናል ብለው አሰቡ፤ ይህን በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አስበውት አያውቁም።

የመኪናዋ በር ተከፈተ። ብርሃኑ ጠፋ። ዓይናቸው ውስጥ አረንጓዴ ክብ ቀረ፤ ዞር ባሉበት ሁሉ አብሯቸው ይዞራል። ከክቡ ወዲያ ካቻቢቴ ብሎን ላይ ሲያርፍ፣ ብሎኑም አንዴ ሲጥ ብሎ ሲላላ፣ መብራቱም ከመኪናዋ ሲነቀል ሰሙ። የልጁን ፊት ገና አላዩትም።