መልስ ማቀበል

ልጄን ማባዛት የሚያስጠናት ታብሌቱ ላይ ያለው የኤአይ አስተማሪ ነው። እኔ እዚያው አጠገቧ ልብስ እሰፋለሁ። ስትጨነቅ ሳይ አንጀቴ አይችልም፤ «እንዲህ በዪ፣ የኔ ሆድ» ብዬ መልሱን ሹክ እላታለሁ። እሱም ሁሌ ይይዘኛል።

ዛሬ «ሰባት ጊዜ ስምንት?» ሲላት በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች።

«እባክዎ አይንገሯት» አለ አስተማሪው።

የነከስኳቸውን እስፒሎች እጄ ላይ ተፋሁ። «ኧረ አሁንስ አበዛኸው! አፌ ሙሉ እስፒል ይዤ በምን ላውራ?»

«እርስዎን አይደለም። ጠረጴዛው ሥር ያለችውን ነው።»

ልስቅ ስል ልጄ ሁለቱንም እግሮቿን ቀስ ብላ ወንበሩ ላይ ሰበሰበች።

«እማዬ» አለችኝ፣ «አንቺ መስለሽኝ ነበር እኮ።»

ያኔ ከጠረጴዛው ሥር የራሴን ድምፅ ሰማሁ፤ «ሃምሳ ስድስት በዪ፣ የኔ ሆድ።»