የቀረችው መሮ

«ዛሬ ብረትም ያርፋል። አንዲት ሞረድ እንኳ ያስቀረ ሰው ዓመቱን ሙሉ እጁ አይባረክም» ሲሉ ነበር ያረፈዱት፣ የባለሙያዎቹ ማኅበር አለቃ። በዚያች የህንድ ከተማ አናጢውም አንጥረኛውም በዓመት አንድ ቀን መሣሪያውን ሁሉ አምጥቶ በቤተ መቅደሱ ውስጥ፣ በእጅ ባለሙያዎች አምላክ በቪሽዋካርማ ፊት ይደረድራል።

አናጢው ግን የአባቱን መሮ አልሰጠም። ሰው ይቀይርብኛል ብሎ ወገቡ ላይ ሸጉጧታል፤ እሷም ጎኑን እየወጋች ቁጭ ብድግ ታሰኘዋለች።

ሽማግሌው ካህን መባውን ሊያሰናዱ ብቻቸውን ገብተው ዘግተዋል። ድንገት በበሩ ስር ጭስ ወጣ።

«መብራቱ ወደቀ፤ መቀርቀሪያውም አልከፈት አለኝ» አሉ ከውስጥ እየሳሉ።

ሁለት መቶ ባለሙያ በሩን በባዶ እጁ ይደበድብ ጀመር። መሣሪያው ሁሉ ውስጥ ነው።

አናጢው ዞር ብሎ ሰዉን አየ፣ በሩን አየ። በመጨረሻ መሮዋን መዘዘና አንገቱን ደፍቶ ወደ በሩ ተጠጋ። አለቃው አፍጥጠው አዩት።

«መሮ ብቻዋን ምን ታደርግልሃለች፣ ልጄ?» አሉና ከደረቡት ሻል ስር መዶሻቸውን አወጡ።