ስልቻና ዱላ

ጓዴ ውሻውን ለሦስተኛ ጊዜ በአንገቱ ይዞ ወደ ዓባይ ጎተተው። ውሻው ውሃው ሆዱን እስኪነካው ድረስ ገባ፤ የተነፋው የፍየል ስልቻ ደረቱን ሲነካው ግን እየጮኸ ዘሎ ወደ አሸዋው ተመለሰ። "ምን አባክ ሆነህ ነው! ወይ ትሻገራለህ፣ ወይ እዚሁ ለጅብ ትቀራለህ!" አለና ዱላውን አነሳ።

ድልድዩ ከፈረሰ ወዲህ ከሞጣ ወርዶ ዓባይን የሚሻገር ሁሉ ስልቻ ታቅፎ ነው። የሚያሻግሩት ሽማግሌው ዋናተኛ አያ ውበቴ ውሃው ውስጥ እንደቆሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ስልቻው ላይ ደረቱን ካላሳረፈ ውሃው ይዞት ይሄዳል።"

"ቢቸና ላይ ስንቱን ሌባ ያባረረ ውሻ የፍየል ቆዳ ይፈራል?" ጓዴ በንዴት ጮኸ።

"ቢቸና ምን ነበር የሚጠብቅልህ?"

"እህሌን ነዋ! ጤፉን፣ ሽንብራውን በስልቻ ሞልቼ ስደረድር ሌላው ቀርቶ እሱ ራሱ እንዳይነካብኝ ከቡችላነቱ ጀምሮ በዚች ዱላ..."

መጀመሪያ እጁ ላይ ያለውን ዱላ፣ ከዚያ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ስልቻ አየ። ውሻው አሸዋው ላይ ተለጥፎ ይንቀጠቀጣል፤ ውሃውን ዞር ብሎም አላየው።

ጓዴ አሁን የተናደደው በራሱ ነበር። ዱላውን ባለ በሌለ ኃይሉ ዓባይ ውስጥ ወረወረው። "ይኸው ሄደልህ! ና አሁን!"

ዱላው እየተገለባበጠ ቁልቁል ነጎደ። ውሻው ግን ዱላውን አላየም፤ አሸዋው ላይ እንደተለጠፈ ዓይኑን ሳይነቅል የሚያየው የጓዴን ባዶ እጅ ነበር።