ያልተሠራው የቤት ሥራ

የእንግሊዝኛው መምህር የቤት ሥራ ያልሠራ ተማሪ ሁሉ ወጥቶ እንዲንበረከክ አዘዘ። ሁለት ልጆች ወጥተው ተንበረከኩ። ትርሲት የምትባለው ተማሪ ግን ከወንበሯ አልተነሳችም።

«አንቺስ ሠርተሻል?»

«አልሠራሁም፣ ቲቸር። አልንበረከክምም።»

መምህሩ ማስመሪያውን ይዞ አጠገቧ መጥቶ ቆመ።

«ጓደኞችሽ ሲሠሩ አንቺ ምን ስታደርጊ ነበር?»

«ራት ሠራሁ፤ ዕቃ አጠብኩ። ወንድሜ ግን ቁጭ ብሎ ያጠና ነበር።»

«ሰበብ አትደርድሪ! ማጥናት የፈለገ ሰው ጊዜ አያጣም። ማን ከለከለሽ?»

ትርሲት ተነስታ ዓይን ዓይኑን አየችው።

«‹የቤት ሥራ አለብኝ› ስልህ ‹መጀመሪያ ሸሚዜን ተኩሺልኝ› ያልከኝ አንተ ነህ፣ አባዬ።»