ጨው የበዛበት ሽሮ

በዚያ ዘመን ጭንቅላቱን ቀዶ ጥገና የተደረገ ሰው ሁሉ፣ አረጋጊ የሚሉትን ትንሽ መሣሪያ ከጆሮው ጀርባ ለጥፎ ነበር ወደ ቤቱ የሚገባው። ሐመልማልም የጭንቅላቷ ዕጢ ከወጣላት ወዲህ አረጋጊው ሕመሟን ብቻ ሳይሆን ቅሬታዋንም ዋጠላት። ሐኪሞቹ ተደሰቱ። እናቷ ትርንጎ ግን መቀመጫ አጣች፤ ሽንኩርት አረረ ብላ ሰፈር የምታሰማዋ ምላሰኛ ልጇ የት ገባች?

ዛሬ ሆን ብላ ሽሮው ላይ ጨው በእፍኝ ጨመረችና አጎረሰቻት።

«እጅሽ ይባረክ፣ እማዬ፤ ይጣፍጣል» አለች ሐመልማል ፈገግ ብላ።

ትርንጎ ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ መልሳ ተነሳች። አረጋጊው ለአጭር ጊዜ ቢጠፋ እንደማይጎዳ፣ ሕመሙ ግን እንደሚመለስ ሐኪሙ ነግሯታል። በማታ ትምህርት እንደለመደችው ከልጇ ጆሮ ጀርባ መሣሪያው ላይ የተጻፉትን ፊደሎች በጣቷ እየተከተለች «አ... ጥ... ፋ» ብላ አነበበችና ቁልፉን ተጫነችው።

ሐመልማል ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ይዛ አቃሰተች። ከዚያ አፏ ውስጥ የቀረውን እንትፍ አለችው።

«ምንድን ነው ይሄ? በሽታው ያልገደለኝን አንቺ ልትገድዪኝ ነው?»

«መጣሽልኝ! መጣሽልኝ የኔ ምላሰኛ!» የትርንጎ እንባ ዱብ ዱብ አለ።

«ራሴ ሊፈነዳ ነው፣ እማዬ።»

«መልሼ ልክፈተው፣ ልጄ? ልክፈተው?» ጣቷን ወደ ቁልፉ መለሰች።

ሐመልማል ጥርሷን ነክሳ የእናቷን እጅ ያዘች።

«ቆይ» አለች። «መጀመሪያ በደንብ ልቆጣሽ።»